ድንጋዮቹን ያነበቡ አገልጋዮች፦ ስለ ምድር ዕድሜ ያለን እውቀት ከየት መጣ?

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሃ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ምድር ከላይ እስከ ታች ተቆርጣ ውስጧ ሲገለጥ ያያል። ከላይ ጥቁር የባዛልት አለት አለ። ዝቅ ሲባል የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጂፕሰም ያለበት ንጣፍ፣ ወደ ወንዙ ሲቀርቡ ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የባሕር ፍጥረታት ዛጎል ተቀብሮ ይታያል፤ ዛሬ ግን ባሕሩ ከዚያ ስፍራ እጅግ ሩቅ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከተማሪዎቼ ጋር ለአገልግሎት በዚህ መንገድ ስንወርድ አንዱ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ "መምህር፣ በአጥቢያችን ያሉ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይህ ሁሉ አለት በሚሊዮኖች ዓመታት የተደራረበ ነው ይሉኛል። እኔም 'ይህ ዳርዊንን ለመደገፍ እግዚአብሔርን የማያምኑ ሰዎች የፈጠሩት ነው' ብዬ መለስኩላቸው። ትክክል ነኝ?"

ለጥያቄው ቶሎ መልስ አልሰጠሁትም። ምክንያቱም ያንኑ ቃል እኔም ከዓመታት በፊት በአንድ የወጣቶች ጉባኤ ላይ ተናግሬው ነበር። ከትምህርቱ በኋላ ሥነ ምድር የሚያጠና አንድ ወጣት ቀርቦ በትሕትና፣ "ጋሼ፣ እነዚያ ሰዎች እኮ ከዳርዊን በፊት የነበሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ቄሶች ነበሩ" አለኝ። ወደ ቤት ሄጄ አነበብኩ። ልጁ እውነቱን ነበር። እኔ ጽሑፋቸውን ሳላነብ፣ ስማቸውንም ሳላውቅ፣ ስለ ሙታን ሰዎች የሐሰት ምስክርነት ሰጥቼ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ዘፍጥረት 1 እንዴት ሊተረጎም እንደሚገባ የሚወስን አይደለም። በዚያ ጉዳይ የዚህ መጽሔት አንባቢያን የተለያየ አቋም አለን። እዚህ የምንጠይቀው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ምድር እጅግ አሮጌ መሆኗን ማን፣ መቼና በምን ማስረጃ ተረዳ? የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘመንን ከመጽሐፍ መቁጠር

ከድንጋይ በፊት የምድር ዕድሜ የሚቆጠረው ከትውልድ ሐረግ ነበር። በአየርላንድ የአርማ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ጄምስ አሸር በ1650 ባሳተመው ሥራ ፍጥረት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት እንደ ተጀመረ አስልቶ ነበር። አሸር ተራ ሰው አልነበረም። የዕብራይስጡን የዘር ሐረግ ከባቢሎንና ከሌሎች መንግሥታት ታሪክ ጋር እያስተያየ የሠራ ታላቅ ሊቅ ነበር። ከ1701 ጀምሮ የእርሱ ቁጥር በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኅዳግ ላይ መታተም ስለ ጀመረ ብዙ ምእመናን እንደ ቅዱስ ቃሉ ክፍል ያዩት ነበር።

እኛም የራሳችን ቆጠራ አለን። በሀገራችን የባሕረ ሐሳብ ስሌት ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። የሁለቱ ልዩነት 1500 ዓመት ገደማ ነው። ዋናው ምክንያትም የታወቀ ነው፤ የሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ለቀደሙት አባቶች የሚሰጠው ዕድሜ ከዕብራይስጡ ይለያል። እንግዲህ ቅዱስ ቃሉን የሚያከብሩ ሰዎች፣ ገና ማንም መዶሻ ይዞ ወደ ገደል ሳይወጣ፣ በቁጥሩ አልተስማሙም ነበር።

የሻርክ ጥርስና የንብርብር ሕግ

በ1666 በጣሊያን ሊቮርኖ አቅራቢያ ዓሣ አጥማጆች አንድ ትልቅ ሻርክ ያዙ። ራሱ ወደ ፍሎረንስ ተወስዶ ኒኮላስ ስቴኖ ለሚባል ዴንማርካዊ ሐኪም እንዲመረምረው ተሰጠ። ስቴኖ የሻርኩን ጥርሶች ሲያይ በአለት ውስጥ ከሚገኙትና ሰዎች "የድንጋይ ምላስ" ከሚሏቸው ነገሮች ጋር አንድ መሆናቸውን አስተዋለ። ታዲያ የሻርክ ጥርስ በተራራ አለት ውስጥ እንዴት ገባ? አለቱ በአንድ ወቅት ለስላሳ ደለል ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ በ1669 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚሠራባቸውን መሠረታዊ ሕጎች አስቀመጠ። ደለል በውሃ ውስጥ ሲረጋ በአግድም ይነጠፋል፤ ስለዚህ ያዘነበለ ንጣፍ ካየን በኋላ የተንቀሳቀሰ ነው። አንድ ንጣፍ እንቅፋት እስኪያገኘው ድረስ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ስለዚህ በሸለቆ ግራና ቀኝ የሚታይ አንድ ዓይነት ንጣፍ ቀድሞ የተያያዘ ነበር። ከሥር ያለው ከላይ ካለው ይቀድማል፤ በሞሶብ ከተደራረበው እንጀራ የታችኛው ቀድሞ የተጋገረ እንደሆነ ማለት ነው።

ስቴኖ ራሱ ምድር በሺዎች የሚቆጠር ዕድሜ እንዳላት ያምን ነበር፤ የጥፋት ውሃንም በታሪኩ ውስጥ አካትቷል። በኋላም የካቶሊክ ካህን፣ በ1677 ደግሞ ጳጳስ ሆነ። የንብርብር ንባብ መሠረት የተጣለው እምነትን ለማፍረስ በተነሣ ሰው አልነበረም።

በባሕሩ ዳር የቆሙት ሦስት ሰዎች

የጊዜውን ርዝመት ጥያቄ በግልጽ ያነሣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሃተን ነው። ሕክምና ቢማርም ለዓመታት ያረሰ ገበሬ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ ታጥቦ ወደ ባሕር ሲሄድ ያያል። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በየክረምቱ ዓባይ ምን ይዞ እንደሚሄድ እናውቃለን። ሃተን ጠየቀ፦ አፈሩ ሁልጊዜ የሚታጠብ ከሆነ ለምን አላለቀም? መልሱ፣ በባሕር ሥር የሚከማቸው ደለል አለት ሆኖ በምድር ውስጣዊ ሙቀት እንደ ገና ወደ ላይ ስለሚነሣ ነው የሚል ነበር። ይህን ሐሳብ በ1785 በኤድንበራ ለሊቃውንት ማኅበር አቀረበ።

በ1788 ከጆን ፕሌይፌርና ከጄምስ ሆል ጋር በጀልባ ሲካር ፖይንት ወደሚባል የባሕር ዳርቻ ሄደ። እዚያ ከሥር ያለው ግራጫ አለት ንጣፎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። በላዩ ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ በጥቂቱ ብቻ አዘንብሎ ተነጥፏል። ይህ እንዲሆን የሚያስፈልገውን እናስብ። መጀመሪያ ደለል በባሕር ሥር በአግድም ይነጠፋል፤ ይጠነክራል፤ ታጥፎ ይቆማል፤ ከውሃ በላይ ይወጣል፤ ራሱ ታጥቦ ይስተካከላል፤ አዲስ አሸዋ ይነጠፍበታል፤ ያም በተራው ይጠነክራል፤ በመጨረሻም ሁለቱ አብረው ይነሣሉ። በዛሬው ልኬት የታችኛው 435 ሚሊዮን፣ የላይኛው 370 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ሃተን ይህን ቁጥር አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን ስድስት ሺህ ዓመት እንደማይበቃ ከቅደም ተከተሉ ተረዳ።

ሃተን ጥበበኛ ፈጣሪ እንዳለ ያምን ነበር እንጂ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በሙሉ የሚቀበል ሰው አልነበረም። ከጎኑ የቆመውና በኋላ ሐሳቡን በ1802 ለሕዝብ በሚገባ መንገድ የጻፈው ፕሌይፌር ግን ቀድሞ በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ አገልጋይ የነበረ ነው።

ቀያሹና ሁለቱ ቀሳውስት

በእንግሊዝ ደግሞ ዊልያም ስሚዝ የሚባል መሬት ቀያሽ የድንጋይ ከሰል ማጓጓዣ ቦይ በሚቆፈርበት ሥራ ተሰማርቶ ነበር። ቁፋሮው ምድርን ሲከፍት፣ ንጣፎቹ በየስፍራው በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንደሚመጡ አየ። የሚመሳሰሉ ሁለት ንጣፎች ሲያጋጥሙት በውስጣቸው ባለው ቅሪተ አካል ይለያቸው ነበር፤ እያንዳንዱ ንጣፍ የራሱ ዛጎሎች አሉትና። በ1799 በባዝ ከተማ የንጣፎቹን ዝርዝር ከአንደበቱ ተቀብለው የጻፉለት ጆሴፍ ታውንሴንድና ቤንጃሚን ሪቻርድሰን ነበሩ፤ ሁለቱም ቀሳውስት ነበሩ። ስሚዝ በ1815 የእንግሊዝንና የዌልስን የአለት ካርታ አሳተመ። በ1819 በዕዳ ምክንያት ታሰረ፤ ክብሩን ያገኘው ዘግይቶ ነው።

እዚህ ላይ በስብከቶቻችን የሚሰማ አንድ ክስ መመርመር አለብን። "ንጣፉን በቅሪተ አካሉ ይለኩታል፤ ቅሪተ አካሉን ደግሞ በንጣፉ፤ ክርክሩ ክብ ነው" ይባላል። ስሚዝ ግን ስለ ዝግመተ ለውጥ ምንም ንድፈ ሐሳብ አልነበረውም። የትኛው ዛጎል ከየትኛው በታች እንደሚገኝ ቆፍሮ ነው ያወቀው። የወንድም ልጅ ያህል ያሳደገው የእኅቱ ልጅ ጆን ፊሊፕስ በ1841 ፓሊዮዞይክ፣ ሜሶዞይክና ሴኖዞይክ የተባሉትን ታላላቅ ዘመናት በቅደም ተከተል አስቀመጠ። የዳርዊን መጽሐፍ የወጣው ከዚያ ከ18 ዓመት በኋላ ነው።

የጅቦቹ ዋሻና የሴጅዊክ ንስሐ

ለእኛ ለአገልጋዮች ከሁሉ የሚጠቅመው የታሪኩ ክፍል ይህ ይመስለኛል። በኦክስፎርድ ሥነ ምድርን ያስተምር የነበረው ዊልያም ባክላንድ የተቀባ ቄስ ነበር፤ በኋላም የዌስትሚንስተር ዲን ሆኗል። በ1821 በዮርክሻየር ከርክዴል በሚባል ዋሻ የጅብ፣ የዝሆን፣ የአውራሪስና የጉማሬ አጥንት ተገኘ። ብዙዎች የጥፋት ውሃ ከሞቃት አገር ጠርጎ ያመጣቸው ነው አሉ። ባክላንድ ግን አጥንቶቹን መረመረ። የተቆረጠሙ ነበሩ። ሕያው ጅብ የበሬ አጥንት ሲበላ አይቶ የጥርሱን ምልክት አስተያየ፤ አንድ ሆኖ አገኘው። የጅብ ኩስም በዋሻው ውስጥ ነበር። ስለዚህ ዋሻው የጅቦች ጎሬ እንደ ነበረ፣ እንስሳቱም እዚያው እንግሊዝ ውስጥ እንደ ኖሩ ደመደመ። አጥንቶቹን የሸፈነውን ጭቃና በመላው አገር የተበተነውን ጠጠር ግን የጥፋት ውሃ ምልክት አድርጎ በ1823 ጻፈ።

ይህን የተቃወመው ከሓዲ አልነበረም። በ1826 ጆን ፍሌሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ የአጥቢያ አገልጋይ፣ እንዲህ ያለ ኃይለኛ ጎርፍ ከዘፍጥረቱ ትረካ ጋር ራሱ እንደማይስማማ ጽፎ ተከራከረ። አገልጋይ አገልጋይን አረመ።

ከባክላንድ ጋር ይስማሙ ከነበሩት አንዱ በካምብሪጅ ፕሮፌሰር የነበረው አዳም ሴጅዊክ ነው። እርሱም ቄስ ነበር። ለዓመታት ጠጠሩን የአንድ ጎርፍ ሥራ አድርጎ ሲያስተምር ቆየ። በየአገሩ እየዞረ ሲመረምር ግን ጠጠሩ የአንድ ዘመን አለመሆኑን፣ በተለያየ ጊዜ የተከማቸ መሆኑን አየ። በየካቲት 1831 የለንደን የሥነ ምድር ማኅበር ፕሬዚዳንትነቱን ሊያስረክብ ሲል በጉባኤው ፊት ቆሞ ያስተማረው ስህተት እንደ ነበረና ወንበሩን ሳይለቅ በይፋ ሊያርመው እንደሚገባ ተናገረ። የተወው ጠጠሩ የዚያ ውሃ ምልክት ነው የሚለውን ትምህርት እንጂ የዘፍጥረትን ትረካ አልነበረም። በዚያው ዓመት ለተረሳው ለዊልያም ስሚዝ የማኅበሩን ሜዳሊያ የሰጠውም እርሱ ነው። ባክላንድም በ1836 አቋሙን ለወጠ፤ በ1840 ከስዊዘርላንዳዊው ሉዊ አጋሲ ጋር ስኮትላንድን ዞሮ አብዛኛውን ጠጠር የጎተተው የበረዶ ግግር መሆኑን ተቀበለ።

በ1831 በጋ ሴጅዊክ ወደ ዌልስ ሲሄድ አንድ የ22 ዓመት ወጣት አስከትሎ የአለት ንባብን አስተማረው። ወጣቱ ቻርልስ ዳርዊን ነበር። በ1859 ዳርዊን መጽሐፉን ሲያወጣ ሴጅዊክ አጥብቆ ተቃወመው። እንግዲህ ምድር እጅግ አሮጌ መሆኗን የተቀበለው መምህር የተማሪውን ዝግመተ ለውጥ አልተቀበለም። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ አልነበሩም።

ሁሉም እንደ ሴጅዊክ ነበሩ ማለቴ ግን አይደለም። ከ1830 እስከ 1833 በሦስት ቅጽ የወጣውን ዝነኛ የሥነ ምድር መጽሐፍ የጻፈው ቻርልስ ላየል ትምህርቱን ከሙሴ መጻሕፍት ክርክር ማላቀቅ እንደሚፈልግ በግል ደብዳቤው ገልጿል። ነገር ግን ዋናው ማስረጃ በላየል ፍላጎት ላይ የቆመ አልነበረም፤ የተጸለየበት መዶሻና ያልተጸለየበት መዶሻ አንድ ንብርብር ነው ያገኙት።

ቅደም ተከተል ወደ ቁጥር ሲለወጥ

እስከዚህ ድረስ የትኛው ንጣፍ እንደሚቀድም እንጂ ስንት ዓመት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። በ1862 ታላቁ የፊዚክስ ሊቅና አማኙ ሎርድ ኬልቪን ምድር ከቀለጠችበት ጊዜ ጀምሮ እየቀዘቀዘች እንደሆነ አስልቶ ዕድሜዋ ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት ነው አለ፤ በኋላም ወደ ዝቅተኛው ቁጥር አዘነበለ። የአለት ሊቃውንቱ ይህ አነሰ ቢሉም ሒሳቡን ሊመልሱ አልቻሉም። በ1895 የቀድሞ ረዳቱ ጆን ፔሪ፣ የምድር ውስጥ ክፍል ሙቀትን በተሻለ የሚያስተላልፍ ከሆነ ስሌቱ እጅግ እንደሚረዝም አሳየ።

በ1896 ሄንሪ ቤክሬል ዩራኒየም ከራሱ ጨረር እንደሚያወጣ አገኘ። ዩራኒየም ቀስ በቀስ ወደ ሊድ ይለወጣል፤ ፍጥነቱም የታወቀ ነው። ዋናው የዩራኒየም ዓይነት ግማሹ ለመለወጥ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል። አንድ ማዕድን ከቅልጥ አለት ሲጠጥር ዩራኒየም ከያዘ፣ ዛሬ የቀረውን ዩራኒየምና የተፈጠረውን ሊድ በመለካት ዕድሜውን ማወቅ ይቻላል። በ1907 አሜሪካዊው በርትራም ቦልትውድ በዚህ መንገድ የተለያዩ ማዕድናትን ለክቶ ከ400 ሚሊዮን በላይ እስከ 2 ቢሊዮን ዓመት ያለፉ ዕድሜዎችን አገኘ። በ1911 ገና 21 ዓመቱ የነበረው እንግሊዛዊ አርተር ሆምስ ዘዴውን አሻሻለ። በ1956 ክሌር ፓተርሰን የሚቲዮራይት ሊድ ለክቶ የምድርን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት አደረሰው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በመሠረቱ አልተለወጠም።

ልብ እንበል፤ በቦይ ቆፋሮ የተገኘው የንጣፎች ቅደም ተከተልና ከመቶ ዓመት በኋላ በቤተ ሙከራ የተገኘው ቁጥር የተለያዩ ዘዴዎች ናቸው። ሲገናኙ ግን ከሥር ያለው አሮጌ፣ ከላይ ያለው ወጣት ሆኖ ተገኘ።

ወንጌላውያኑ ምን አሉ?

በዚህ ሁሉ ጊዜ ወንጌላውያን ዝም አላሉም። በ1843 የተመሠረተችው ነጻ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ መሪ የነበረው ቶማስ ቻልመርስ፣ በዘፍጥረት የመጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች መካከል ረጅም ዘመን ሊኖር እንደሚችል በ1814 ጽፏል። ብዙዎቻችን ይህን ሐሳብ የምናውቀው በ1909 በወጣው የስኮፊልድ መጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ በኩል ነው። ድንጋይ ጠራቢ የነበረውና በኋላ የወንጌላውያኑን ጋዜጣ ያዘጋጀው ሂዩ ሚለር ደግሞ ስለ ቀይ አሸዋ ድንጋይና ስለ ጥንት ዓሦች በ1841 መጽሐፍ አወጣ፤ የፍጥረት ቀናትን እንደ ረጅም ዘመናት ተረዳ። በ1925 በአሜሪካ በስኮፕስ ክስ ዝግመተ ለውጥን የተቃወመው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን እንኳ ቀናቱ የግድ የ24 ሰዓት እንዳልሆኑ በችሎት መስክሯል።

ስድስቱን ቀናት እንደ ተራ ቀናት ማንበብም የትናንት ነገር አይደለም፤ ሉተርና ካልቪን እንዲሁ አንብበዋል። በ1961 ግን የብሉይ ኪዳን መምህሩ ጆን ዊትኮምብና የውሃ ምሕንድስና ምሁሩ ሄንሪ ሞሪስ ንብርብሩን በአብዛኛው በጥፋት ውሃ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ይህ አቋም በብዙ ወንጌላውያን ዘንድ እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ ቀድሞ ሌላ ነገር የተባለ እስከማይመስል ድረስ ደርሷል።

እንደ ገና በዓባይ በረሃ

ይህ እውቀት ወደ እኛ የመጣው ከጦር ጋር ነው። በ1868 የናፒየር ሠራዊት ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድር ሊቅ አብሮ ነበር። በመንገዱ ያያቸውን አለቶች መዝግቦ በ1870 አሳተመ። ዛሬም የሀገራችን ሊቃውንት "የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ" እና "የአንታሎ ኖራ ድንጋይ" የሚሉት እርሱ ባወጣው ስም ነው። በዓባይ በረሃ የምናየው ኖራ ድንጋይ የዚያ የአንታሎው ወገን ነው፤ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በላዩ ያለው ባዛልት በአብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ለተማሪዬ የመለስኩለት እንዲህ ነው፦ "ወንድሜ፣ ትክክል አይደለህም፤ እኔም አልነበርኩም። ስለ ዘፍጥረት የምታምነውን ለልጆቹ አስተምራቸው፤ ከታሪክ የማይገኘውን ግን አትንገራቸው። ማስረጃው ብርቱ እንደሆነ፣ የሚያምኑ ሰዎች እንዳገኙት፣ በትርጓሜውም አማኞች እንደሚለያዩ ንገራቸው።"

አንድ ወጣት ከመድረካችን ሐሰት መሆኑን ሊያረጋግጥ የሚችለውን ነገር ከሰማ፣ ሊያረጋግጥ ስለማይችለው ስለ ትንሣኤው የምንነግረውንም ይጠራጠራል። ጉዳቱ እዚህ ነው። የዘጠነኛው ትእዛዝ ባልንጀራ የሞተውን ሳይንቲስትም ይጨምራል። ጌታ በኢዮብ 38 ምድርን ሲመሠርት የት እንደ ነበርን የሚጠይቀው ሁላችንንም ነው፤ መዶሻ የያዘውንም፣ ማይክራፎን የያዘውንም።

በዚያ ወጣቶች ጉባኤ እንደ ገና ስጋበዝ ትምህርቴን የጀመርኩት ቀድሞ የተናገርኩትን በማረም ነው። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች ግን ከዚያ በፊት ማንም ያልጠየቀኝ ዓይነት ነበሩ፤ የመጡትም ስለ ድንጋይ ብቻ አልነበረም።